ዓመቷ አራት ቀን የሆነ ፕላኔት

ጎብዬ፣ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። እንዴት ከረምሽ? ባለቤትሽስ? ልጆችሽስ? የደሴ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። አንበጣው ማሽላውን ጠርጎ በልቶት ሄደ፤ የመስኖው ሽንኩርት ግን ተርፎልናል። ባለቤቴ ኑሀም ደኅና ነው፤ እንደ ድሮው ትንሽ ይናገራል፣ ብዙ ይሠራል።

ሰላምታዬን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ከዚህ በላይ ካበዛሁት ውሸት ይሆንብኛል፤ በጣም ተቆጥቻለሁና።

ባለፈው ማክሰኞ ከልጄ ከፈሪሀ ጋር ሽንኩርት እየለየን አይሱዙ እናስጭን ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ከፍቶታል። ከሩቅ ያለ፣ የኛን ፀሐይ የሚመስል ኮከብና እሱን የምትዞር አንዲት ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ለአገራችን ተሰጥተው ስም ወጣላቸው ይላል፤ ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቷ አቦል። እጄ ሽንኩርቱ ላይ ቀረ። ቀጥሎ ከደሴ አንዲት የፊዚክስ መምህርት ጋብዘናል አሉና ድምፅሽ መጣ። ወዲያው ለየሁት። ጫኞቹን ዝም በሉ፣ ይቺ አብሮ አደጌ ናት ብዬ ጮህኩባቸው። ወላሂ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የኩራት እንባ።

ከዚያ ምን አልሽ? ቆቦ አስረኛ ክፍል ሳለሽ፣ በሌላ ፀሐይ ዙሪያ ፕላኔት መገኘቷን ከሬዲዮ ሰምተሽ ክፍል ውስጥ ተነሥተሽ ተናገርሽ። መምህሩ ውሸታም ብሎ አዋረደሽ። አንቺ ግን ተስፋ አልቆረጥሽም። ጋዜጠኛው ጎበዝ አለሽ።

አንቺ ነሽ የተነሣሽው?

ይሄ እኮ የኔ ነገር ነው አልኩ፣ ሽንኩርቱን እንደያዝኩ። ጫኞቹ ሳቁ። የእነሱን ሳቅ ቻልኩት። ያልቻልኩት የፈሪሀን ነው። «እማ፣ መምህርቷ እኮ በራሳቸው አፍ ነው የተናገሩት። አብራችሁ ስለተማራችሁ ተምታቶብሽ ይሆናል» አለችኝ፤ ደግሞ በርኅራኄ፣ እንደ ሕመምተኛ እያየችኝ። ልጄ ናት እንዲህ ያለችኝ!

እስቲ የሆነውን እኔ ላስታውስሽ። ጥቅምት 1988 ነበር። የልብስ ሰፊው የካሕሳይ ሱቅ ውስጥ፣ ካሕሳይ ለምሳ ቤቱ ሄዶ፣ ልጁ ጎይቶም ሲንጀሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ ያወራል። ሬዲዮውን የማዳምጠው እኔ ነበርኩ። አንቺ ሌላ የምታዳምጪው ነበረሽ። አዲስ የተገኘች ፕላኔት የምትዞረው እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ ነው፤ ፕላኔቷ እንደ ጁፒተር ግዙፍ ናት፤ ጋዝ ስለሆነች እግር የሚያርፍበት መሬት የላትም፤ ለፀሐይዋ በጣም ስለቀረበች ዓመቷ አራት ቀን ብቻ ነው ሲል፣ እኔ በደስታ ጮህኩ። አንቺና ጎይቶም ደንግጣችሁ ዞራችሁ አያችሁኝ። ትዝ አለሽ?

በማግስቱ መምህር ጋሹ ፕላኔቶች ዘጠኝ ብቻ ናቸው ሲል እጄን አወጣሁ። የሰማሁትን ሁሉ ተናገርኩ። የት ሰማሽ አለኝ። ከሬዲዮ አልኩ። የማን ሬዲዮ አለኝ። እኛ ቤት ሬዲዮ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። የካሕሳይ ሱቅ ብል ደግሞ ሰው ይልካል፤ ካሕሳይም ሁለቱ ልጆች ከዚህ አይጠፉም ይላል። ወንድምሽ እዚያ ደጃፍ ድርሽ ብትዪ እግርሽን እንደሚሰብረው ከዛተ ገና ወሩ ነበር። ስለዚህ መንገድ ላይ ነው የሰማሁት አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ጨነቀኝና ወዳንቺ ዞሬ፣ እሷም ሰምታለች አልኩ። ቤቱን እንድትጠሪ አልፈለግሁም። አዎ ሰምቻለሁ፣ ይህችን ብቻ።

አንቺም ተነሥተሽ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም አልሽ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነገርኩሽም፣ አንቺም ጠይቀሽ አታውቂም። አባቴ እንድሪስ ተጠርቶ መጣ። መምህሩ ልጅህ ትዋሻለች አለው። አባቴን የውሸቱ ነገር ብዙም አላስጨነቀው። ቤት ስንደርስ በሩን ዘጋና፣ ሬዲዮ ያለው የማን ቤት ነው የምትውዪው፣ የየትኛው ወንድ ቤት ነው አለኝ። ሦስት ቀን ጠየቀኝ። እናቴ እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ። አንድ ስም ብጠራ ኖሮ እገላገል ነበር። አልጠራሁም። ዝምታዬን እንደ ጥፋቴ ቆጠሩት፤ ደብተሮቼ ተወሰዱ፤ ጥር ላይ ለኑሀ ተዳርኩ። ኑሀ ክፉ ሰው አይደለም፣ አላህ ይጠብቀው። እኔ ግን ባል አልነበረም የፈለግሁት፤ ሁለተኛው የትምህርት መንፈቅ ነበር።

ፈርተሽ ነው ብዬ ይቅር ብዬሽ ነበር፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ማን አይፈራም? አሁን ግን አርባ አልፎሻል፣ የሚያስፈራሽም የለም። ያኔ የካድሻትን ልጅ ዛሬ እኔ ነኝ ብለሽ ተነሣሽ!

ሐሙስ ዕለት ፈሪሀን በሚኒባስ ይዤያት ቆቦ ሄድኩ። ካሕሳይ ሞቷል፤ ሱቁን የያዘው ጎይቶም ነው። ፀጉሩ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጓል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሳንተያይ ብንኖርም ገና ስገባ አወቀኝ። ልጄ ፊት ያኔ ሬዲዮውን ማን ነበር የሚሰማው ብዬ ጠየቅሁት። መቀሱን አስቀምጦ፣ «እናትሽ ናት። የሬዲዮውን ባትሪ የጨረሰችው እሷ ናት። ያቺኛዋማ ስለ ሰማይ ምንም አታውቅም ነበር» አላት። ፈሪሀ ቤት ስንደርስ እጄን ስማ፣ እማ አፉ በዪኝ አለችኝ።

ከጎይቶም ሱቅ ስንወጣ ግን ወደ ኋላ አስቀረኝ። አግብቶ ነበር፤ ልጅ ግን አልሰጠውም። ድንገት ከቆቦ የጠፋሽው በየትኛው ወር እንደነበር ጠየቀኝ። መጋቢት አልኩት፤ ይህን አገር ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያ ልጇስ መቼ ተወለደ አለኝ። ሠርግሽ በወሩ ሚያዝያ ላይ እንደነበር፣ ወንድ ልጅ ተገላገልኩ ያልሽኝ ደብዳቤ ከሠርግሽ አምስት ወር በኋላ፣ መስከረም ላይ እንደደረሰኝ አላጣሁትም። አላስታውስም አልኩት። አንቺ ለአንድ ክፍለ ጊዜ መጠበቅ ያቃተሽን አደራ እኔ ሃያ አራት ዓመት ጠብቄልሻለሁ።

ስለዚህ ስሚኝ። እዚያው ሬዲዮ ተመልሰሽ ግቢና የተነሣችው ኡሙሃኒ ናት፣ እኔ ዋሽቻለሁ በዪ። የማን ሱቅ ነበር ቢሉሽ ዝም በዪ፤ እኔም ዝም እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ በኋላ አልነገርሽኝም እንዳትዪ። ጎይቶም ከጥምቀት በኋላ ጨርቅ ሊያመጣ ደሴ ይሄዳል። የትምህርት ቤትሽን ስም ከሬዲዮው ሰምቶታል። እኔ አልነገርኩትም፤ ሲጠይቀኝ ግን ወሮቹን በጣቱ ይቆጥር ነበር።

አላህ ልብሽን ያቅናልሽ፣ ያሰብሽውን ኸይር ያድርግልሽ። ልጆችሽን ሁሉ ሰላም በዪልኝ፤ ትልቁን ደግሞ አቅፈሽ ሳሚልኝ።

ዛሬም አፏን ያልከፈተችው አብሮ አደግሽ