ስሙን የጻፍኩበት ኅዳር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ላፕቶፑ አልነሳ አለኝ። ከሥራ በፊት ምዕራፍ አራትን ትንሽ ልግፋ ብዬ ስከፍተው... ጥቁር ስክሪን። ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ቁልፉን ተጭኜ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። ጸለይኩም። (ለላፕቶፕ ይጸለያል?) ምንም።

ከሥራ ስመለስ አብደላ ጋ ወሰድኩት። እዚሁ ኮተቤ፣ ከፎቁ ደረጃ ሥር ያለችው ጠባብ ሱቅ። እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ሚስቱ ሀፊዛ ከፊት ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። ማስተርስ ከጀመርኩ ወዲህ ወረቀቴን ሁሉ የማስነሳው እሷ ጋ ነው። ሳልነግራት በሁለቱም ገጽ ታደርግልኛለች። "ባርኮትዬ፣ ወረቀት ለምን ይባክናል" ትለኛለች።

"ዓርብ ትወስጃለሽ" አለኝ አብደላ።

"እርግጠኛ ነህ? የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያ ውስጥ ነው። ታኅሣሥ ሦስት ማስረከብ አለብኝ።"

"ኢንሻአላህ።"

እሺ፣ ዓርብ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

አልደረሰም። "ዕቃው መርካቶ ታዟል፣ ሰኞ ይመጣል" አለኝ። ተናደድኩ... ግን ጽሑፌን አውጥቶ ፍላሽ ላይ ገልብጦልኛል። "እስኪያልቅ ድረስ ሥራሽ እንዳይቆም ብዬ" አለ። እኔ አልጠየቅኩትም። ማሰቡ ራሱ ደስ አለኝ። እስከዚያው ቢሮ ባለው ኮምፒውተር እየሠራሁ እቆያለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አያነሳም። በአካል ሄድኩ። ሀፊዛ "ወጥቷል" አለችኝ፣ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተክላ። ከመጋረጃው ሥር ጫማው ይታያል። ከነእግሩ!

ዝም ብዬ ወጣሁ። እሷን ምን እላታለሁ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

"ነገ።" ትናንትም "ነገ" ነበር ያለኝ።

ለዳንኤል ነገርኩት። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፣ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የተበላሸበት ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። ሳቀብኝ። "አንቺ የዋህ ነሽ! ይሄን ያህል ቀን ምን እየሠራ ይመስልሻል? ጥሩ ጥሩውን ነቅለው አሮጌ ነው የሚከቱበት። ስንቱን አይቻለሁ።"

ከዚያ በኋላ ሥራ መሥራት አቃተኝ። እውነት እየነቀለው ይሆን?

ሰኞ፣ ኅዳር 15

መጣልኝ! በአሥራ ሦስተኛው ቀን። ይሠራል። አብደላ "በጣም አዘገየሁብሽ፣ ይቅርታ" አለኝ። "አልጋ ላይ አድርገሽ አትሥሪበት፣ አየር ያጣና ይግላል" ብሎም መከረኝ።

እሺ ብያለሁ። አሁን ግን የኅዳር ብርድ ነው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ነው የምሠራው። ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ላፕቶፑ እየሠራሁበት በራሱ ጊዜ ጠፋ። ያላስቀመጥኩት ሁለት ገጽ ሄደ። አለቀስኩ።

ቢሮ ወሰድኩት። ዳንኤል እዚያም እዚያም ነካክቶ አንድ ገጽ ከፈተና በጣቱ አሳየኝ። "ራሙ አራት ጊጋ ነው የሚለው።" ራም ማለት ማሽኑን የሚያፈጥነው ትንሽ ካርድ ነው፣ ተነቅሎ ሌላ ሊገባበት ይችላል አለኝ።

"ስንት ነበር ስትገዢው?"

"ስምንት መሰለኝ።"

"መሰለኝ ወይስ ነው?"

"...ነው።"

ለምንድነው "ነው" ያልኩት? አላውቅም። ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሰውዬው ተደብቆኝ አልነበር?

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ሄድኩለት። ሱቁ ሞልቶ ነበር። ፎቶ ኮፒ የሚያስነሱ ተማሪዎች፣ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር። መጮኼን ያወቅኩት ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ነው።

"ራሜን የት አደረስከው?"

አብደላ ከመጋረጃው ወጣ። መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። "የምን ራም?"

"ስምንት የነበረው አራት ሆኗል። መርካቶ የላክኸው እሱን ነው?"

 ከዚያ በሰው ፊት፣ ቀስ ብሎ፦ "መርካቶ ያልኩሽ ውሸት ነው። ምንም አላዘዝኩም። ፋይልሽን ካወጣሁ በኋላ ሥራ ተደራርቦብኝ ሳምንት ሙሉ አልነካሁትም። አፍሬ ነው የተደበቅኩሽ። ሰነፍ በዪኝ። ውሸታም በዪኝ፣ ዋሽቻለሁ። ሌባ ግን አትበዪኝ።"

"ሌባ!" አልኩት።

ሀፊዛ እጄን ልትይዝ መጣች፣ "ባርኮትዬ፣ እባክሽ ቁጭ ብለን..." ገፈተርኳት። በርግጥ ገፈተርኳት? እጄን ነጠቅኩ ብል ይሻላል። አይ... ገፈተርኳት።

ቤት እንደገባሁ ሰፈሩ ሁሉ ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ። የሱቁን ፎቶ፣ ስሙን፣ ስልኩን። "ጥንቃቄ! አሥራ ሦስት ቀን አስቀምጦ፣ ዕቃ ቀይሮ መለሰልኝ። እንደዋሸኝም በራሱ አፍ አምኗል።"

ስለ ፍላሹ አልጻፍኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሁለት ሺህ ሰው አይቶታል! "ጎሽ"፣ "ደግ አደረግሽ"፣ "የእኔንም ባትሪ ቀይሮታል"... ስልኬን ማስቀመጥ አቃተኝ። አንዱ ስለ አብደላ ሃይማኖት መጥፎ ነገር ጻፈ። እሱን አልወደድኩትም። ግን መልስ አልሰጠሁም። ብዙ ነበር ኮመንቱ፣ ለየትኛው ይመለሳል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ለዳንኤል ድሮ የላክሁለትን መጠይቅ ፈልጌ ቴሌግራማችንን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እየሄድኩ ነበር። ካቻምና ጥር ላይ አንድ ፎቶ አለ። ላፕቶፑን ልገዛ የሄድኩ ቀን፣ ሻጩ ጋ ቆሜ ስክሪኑን አንስቼ የላክሁለት። "ጥሩ ነው?" ብዬዋለሁ።

ዳንኤል መልሶልኛል፦ "ራሙ አራት ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ለጽሑፍ ይበቃሻል።"

እኔም፦ "እሺ፣ ልግዛው በቃ።"

ክው አልኩ። ፎቶውን አሰፋሁት። አራት። ደግሜ አሰፋሁት። አራት።

ስምንት የሚባል ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

የለጠፍኩትን አልሰረዝኩትም። ጽሑፌን እስካስረክብ ብቻ... ከዚያ በኋላ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

የቤተ ክርስቲያን ኅብረታችን እንጦጦ ፓርክ ወጣን። ብርዱ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ከተማው ሁሉ ከታች። ልረሳው ነበር የሄድኩት። ምሳ ስንጨርስ ክብ ሠርተን ተቀመጥን፣ የኅብረቱ መሪ አዱኛ ተነሣ።

"ስንቶቻችን ተበልተን ዝም ብለናል! እህታችን ባርኮት ግን እውነትን በአደባባይ ተናገረች። ጌታ ድፍረት ሰጥቷታል።"

አጨበጨቡ። ሣሩን እያየሁ ቀረሁ። ፊቴ ሲቃጠል "ትሑት ናት" አለች አንዷ።

ቀጠለ አዱኛ። "የቤተ ክርስቲያናችን ስምንት ኮምፒውተሮች እዚያ ሰውዬ ጋ ሊሄዱ ነበር። ተነጋግረን ጨርሰን ነበር እኮ! ያንቺን እንዳየን ሌላ ጋ ወሰድናቸው። ተባረኪ።"

ያኔ መናገር እችል ነበር። ሃያ ሰው ነው ያለው፣ ሁሉም የማውቃቸው። አፌን ከፈትኩ።

"አሜን" አልኩ።

ስንወርድ እንጨት የተሸከሙ እናቶች በቁልቁለቱ አለፉን። ዞር ብለን መንገድ ሰጠናቸው። አዱኛ ቦርሳዬን ልያዝልሽ አለኝ። ምንም የሌለበት ቦርሳ። እምቢ አልኩ፣ የሰው ደግነት መቀበል አስጠላኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

አስረከብኩ።

ያተምኩት መገናኛ ነው፣ ማንም የማያውቀኝ ቤት። የምስጋና ገጹን ስጽፍ አማካሪዬን አመሰገንኩ፣ እናቴን፣ ዳንኤልን፣ ኅብረቱን። "በልዩ ልዩ መንገድ የረዱኝን ሁሉ" የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ያ ፍላሽ ባይኖር ምዕራፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... የት ነበሩ?

ዓረፍተ ነገሩን አጠፋሁት። ስሙን አልጻፍኩም፣ ዓረፍተ ነገሩን አጠፋሁ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

"እስካስረክብ ብቻ" ብዬ ነበር። ይኸው አስረከብኩ። ዛሬም አልሰረዝኩም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ለዳንኤል ፎቶውን አሳየሁት። ቀላ። "ወይኔ... እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት?" አለ። ከዚያ፦ "ግን ተረስቷል እኮ። ድምፅሽን አጥፍተሽ ሰርዢው፣ በቃ።"

"ታዲያ ለምንድነው በራሱ የሚጠፋው?"

"የት አድርገሽ ነው የምትሠሪበት?"

"አልጋ ላይ።"

ላፕቶፑን ገልብጦ አየው። የማራገቢያው ቀዳዳ በብርድ ልብሴ ጸጉር ተደፍኗል። ቀይ ጸጉር። ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አብደላ ነግሮኝ ነበር... በቃል ነግሮኝ ነበር።

ስወጣ ተከተለኝ። "ባርኪ፣ የምትጽፊ ከሆነ... እኔን እንዳታነሺኝ።"

አላነሳውም። እሱ "ወይስ ነው?" ብሎ ጠይቆኛል። "ነው" ያልኩት እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ከአምልኮ እንደተመለስኩ ልብሴን ሳልቀይር ጻፍኩት።

መጀመሪያ "በተፈጠረው አለመግባባት" ብዬ ጀመርኩ። አጠፋሁት። ምን አለመግባባት ተፈጠረ? ቀጥሎ "በደረሰኝ የተሳሳተ መረጃ"... ማን አደረሰኝ? እሱንም አጠፋሁ። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

"አብደላ ከኮምፒውተሬ ምንም አልወሰደም። ዘግይቶብኛል፣ ለዚያም ይቅርታ ጠይቆኛል። ፋይሌን ያተረፈልኝ እሱ ነው። ሳላጣራ ሌባ አልኩት። ባርኮት ነኝ።"

ልልከው ስል አንድ ነገር ጎደለው። ወንበሬ ላይ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ጨመርኩበት፦ "እንደተሳሳትኩ ካወቅኩ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው።"

ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ሌላውን ሁሉ ከጻፍኩበት የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ።

የድሮውን እስክሰርዘው ድረስ አምስት ሺህ ሰው አይቶታል። ይሄኛውን እስካሁን አራት መቶ። የመጀመሪያው ኮመንት፦ "ስንት ብር ከፍሎሽ ነው?"

አዱኛ ደወለ። "እህቴ፣ ምነው ከእኛ ጋር ሳትመካከሪ? እኛም እኮ ስምሽን ጠርተን..." ቅር እንዳለው ከድምፁ ያስታውቃል። ስለ ስምንቱ ኮምፒውተሮች ጠየቅኩት። "አሁንማ ተሠርተው አለቁ" አለኝ።

አብደላ አልደወለም። ለምን ይደውላል?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ዛሬ ሄድኩ። ከሥራ አስፈቅጄ፣ በጠራራ ፀሐይ። ከታክሲ ወርጄ ሱቁን ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ። በሦስተኛው ገባሁ።

"ምን ልርዳዎት?" አለችኝ ሀፊዛ። እርስዎ ሆኛለሁ።

"አብደላን ፈልጌ ነበር።"

መልስ ሳትሰጥ በአገጯ ወደ ውስጥ አመለከተችኝ። መጋረጃው የለም። ተነሥቷል። ጠረጴዛው ከመንገድ ድረስ ይታያል። አብደላ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ፈትቶ አጎንብሷል፣ ነጠላ የለበሱ አንድ እናት አናቱ ላይ ቆመዋል። የሚፈታትን ብሎን እያንዳንዷን ነጭ ወረቀት ላይ እየደረደረ ያሳያቸዋል። "አምስት" ይላል። "ስድስት።"

እናትዮዋ አዩኝ። "አንቺም ልታሠሪ ነው ልጄ? እንግዲያው እንደኔ ቆመሽ አሠሪ። ዕቃ ይቀይራል ተብሎ ተጽፏል አሉ፣ ልጄ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። ቅርብ ነው ብዬ እንጂ..."

አብደላ እዚያው ነው ያለው። እየሰማ ነው። ቀና አላለም፣ "ሰባት" አለ ብቻ።

 መሄድ እችላለሁ... ጽፌያለሁ እኮ፣ ሰው ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ሀፊዛ የፎቶ ኮፒውን ማሽን አቆመች። 

"የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ምን አልሽ?"

"ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ምንም አልወሰደብኝም።"

እሳቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ። አብደላ መፍቻውን አስቀመጠ።

"እሑድ የጻፍሽውን ዕለቱን አይተነዋል" አለኝ። "ሀፊዛ ሁለት ጊዜ አነበበችው።"

"ይቅርታ አድርግልኝ። ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ።"

"ነበረብሽ።"  ያልተናደደ፣ የደከመ ፊት ነበረው። "እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ዋሽቼሽ ነበር፣ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ግን የኔ ይቅርታ ምን ይሠራል? ሰው እንደሆነ ከእንግዲህ ቆሞ ነው የሚያሠራኝ።"

 ወደ እናትዮዋ ዞርኩ። "እማማ፣ እውነቴን ነው። ትተውለት ቢሄዱም ምንም አይነካብዎትም። ወንበር አለ፣ ቢያንስ ይቀመጡ።"

"ይሁን፣ አንቺ ካልሽ..." አሉ። ከቆሙበት ግን ንቅንቅ አላሉም። ነጠላቸውን አጣፍተው እንደገና ወደ እጁ ጎንበስ አሉ።

አብደላ መፍቻውን አነሣ። ከዚያ የጠረጴዛውን መብራት በደንብ እንዲታያቸው ወደ እሳቸው አስጠጋላቸው።