ልብ አንባቢው ባሌ

ሀርጌሳ፣ ኮድቡር
ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018

ውዴ ኢዘዲን፣

ድሬዳዋ እንዴት ይዛሃለች? በትርኢትህ ሠርግ በሠርግ ሆነሃል አሉኝ፣ ማሻአላህ። ለአንዷ ሙሽራ ሟች አባቷ ያቆላምጣት የነበረበትን ስም ነግረሃት እንባዋ አላቆም አለ አሉ። ስሙን ማን እንዳቀበለህ አልነገሩኝም። እዚህ እያለህ አቀባይህ እኔ ነበርኩ።

እኔ ወገቤን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ስለማታነሳ ደብዳቤውን ወደ ድሬዳዋ ለሚመጣው ሾፌር ለፈይሳ እሰጠዋለሁ።

የጎረቤታችንን የካልቱንን ነገር ልንገርህ። አንተ ከሰው ጆሮ እንቁላል ስታወጣ እንደሷ የሚስቅ አልነበረም። «እንዴት አደረግከው?» ብላ ስትነዘንዝህ እጅጌህን ገልበህ አሳየሃትና የባሰ ሳቀች። ነገሩ እዚያው አለቀ። አንተ ግን እንቁላል ሰለቸህና ልብ ማንበብ ጀመርክ። ያኔ ሰው «እንዴት?» ማለቱን ትቶ «የኔስ?» ይል ጀመር።

የአረፋ ዕለት ጠዋት፣ በረሃ አቋርጦ ጣሊያን ሊገባ ከወጣው ከካልቱን ልጅ ከፉዓድ ጋር የነበረ ጓደኛው የድምፅ መልእክት ላከልህ፤ ፉዓድን በረሃ ላይ ቀብረነዋል፣ ለእናቱ ቀስ ብለህ ንገራት የሚል። ከሰዓት በኋላ አርባ ሰው ፊት ግንባሯን ነካህና፣ «ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ ይታየኛል። በሕይወት አለ፤ ጣሊያን ገብቷል» አልካት። ጠባሳውን የነገርኩህ እኔ ነኝ። ሰው ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቱ ሳምሳም በዚያው መንገድ ልትሄድ ሻንጣ ሸከፈች። ነገ ነበር መነሻዋ፤ ወንድሜ ይቀበለኛል ብላ። ካልቱን ዘንድ ሄጄ ጠባሳውንም መልእክቱንም አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩ። ረጋ ብላ ሰማችኝና፣ «የእንቁላሉን እጅጌ ገልቦ አሳይቶኛል። የዚህ እጅጌው የታለ? አንቺ ቀንተሽበት ነው» አለችኝ።

የሟቹ ወሬ ያለው አንተ ስልክ ላይ ነው። መልእክቱን ላክልኝ ብዬ አሥራ ሰባት ጊዜ ደወልኩ። «ስሜን አታጥፊ» ብለህ ጻፍክልኝ፣ በቃ።

ስለዚህ ሰኞ ካልቱን ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። «ኢዘዲን ደውሎ ነበር፣ ሌላ ነገር ታይቶታል፤ ሳምሳም ትቆይ፣ ረቡዕ ፉዓድ ራሱ በአውሮፕላን ይመጣል» አልኳት። ወዲያው አመነችኝ። የልጅቷ ሻንጣ ተፈታ። ሳምሳም ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ ካልቱን የዒድ ልብሷን ለብሳ ወደ አየር ማረፊያ የሚወስዳት ባጃጅ አስቆመች። ከመሳፈሯ በፊት እጄን ያዘችኝ።

«ሀፊዛዬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ሲደርስ ነው የታየው?»

«ዘጠኝ ሰዓት» አልኳት።

አላህ ጤና ይስጥህ፣ ሠርግህን ያብዛልህ። ይህን ስጽፍ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ባለቤትህ
ሀፊዛ