የበላይነሽ ግማሽ

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። ከገርጂ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም በእግሬ ሄጄ፣ አስቀድሼ እመለሳለሁ። ያሸነፈኝ ደረጃ ብቻ ነው። ማንበብም እችላለሁ፣ ሰው ካላጣደፈኝ።

ዛሬ ቤት ገዛሁ። ከደምሴ ጋር ጨረስን። ደምሴ የእድር ጓደኛዬ ነው፣ እንደኔው ሚስቱ የሞተችበት። ጉርድ ሾላ አካባቢ ኮንዶሚኒየም አለው። አንድ ክፍል ናት፣ ምድር ላይ፣ ደረጃ የሌላት። እሱ ሸጦ ቡልጋ ወንድሙ ዘንድ ሊገባ ነው። በእድሩ አዳራሽ ሦስት ሽማግሌ ተቀምጠው ቀብዱን ከእጄ ተቀብለው ለእሱ ሰጡት። ወረቀቱ ላይ ሁላችንም ፈረምን። እኔ በአውራ ጣቴ አይደለም፣ በስሜ ነው የፈረምኩት። ተመረቅን፣ ተሳሳምን፣ አለቀ።

ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የሆነው። አከራዬ ልጇን ልትድር ነው፤ ክፍሌን ለሙሽሮቹ ትፈልገዋለች። በወሩ መጨረሻ እወጣለሁ። ይሄ ቤት ባይገኝ ኖሮ ልጄ ሰናይት ዘንድ መግባቴ ነበር። ሰሚት፣ አራተኛ ፎቅ። እዚያ አንዴ ከወጣሁ የምወርደው በሰው ትከሻ ነው።

ሰናይት ደወለች። «አባዬ፣ ጠበቃ ይዘሃል?»

«ሦስት ሽማግሌ ይዣለሁ።»

«ሽማግሌ ስም አያዞርም እኮ አባዬ!»

ዘጋሁባት። ስም ማዞር ያለችው ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ማክሰኞ፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠበቃ ፍለጋ ወጣሁ። ሰናይት ስላለች አይደለም። ለራሴ ብዬ ነው።

ሁለት አየሁ። አንደኛው ደምሴ ቤቱን እንዲያሸጥለት የነገረው ደላላ የጠቆመኝ ሰው ነው። ሽበታም፣ ከረባት ያሰረ። ገና ስገባ ከወንበሩ ተነሣ። «አባቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ ውሃ አስመጣልኝ። ውሉ ተዘጋጅቷል አለ። ለእኔም ለደምሴም እሱ አንዱ ይበቃል፣ ለምን ወጪ ይበዛባችኋል አለ። ደስ አለኝ። ሰው አክባሪ ነው።

ሁለተኛዋ የሰናይት ምርጫ ናት፣ ሜሮን ትባላለች። ቢሮዋ ጉርድ ሾላ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የተበላሸ። ሁለት ቦታ አረፍኩ። ልጅ ናት። ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳትነቅል ትጠይቀኛለች።

«ጋሼ፣ ቤቱ በማን ስም ነው?»

«በደምሴ።»

«ባለቤታቸውስ?»

«በላይነሽ? ሞታለች። ነፍሷን ይማረው።»

«ልጆች አሏቸው? ተስማምተው ፈርመዋል?»

«ሁለት ሴቶች አሏቸው። እነሱ ምን ቤት ናቸው? የሚሸጠው አባታቸው ነው!»

«በትዳር ላይ የተገኘ ቤት ግማሹ የእናታቸው ነው ጋሼ። እሳቸው ሲሞቱ ድርሻቸው ለወራሾች ያልፋል። ያለ ልጆቹ ፈቃድ ቢገዙ ነገ መጥተው ይከሱዎታል።»

ተነሣሁ። «ጠበቃ ብዬ መጥቼ መርዶ ነጋሪ አገኘሁ» አልኳት። ሳቀች። ሳቋ አናደደኝ።

ሽበታሙን መረጥኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ላጣራ ሳይሆን እንዲሁ ቤቴን ልይ ብዬ። ትልቋ ልጁ አልማዝ ዕቃውን በማዳበሪያ ታስርለታለች።

በጨዋታ አስመስዬ አነሣሁት። «አንዲት ጠበቃ ተብዬ የበላይነሽ ግማሽ አለበት ትላለች፣ ስማ እንግዲህ!»

ደምሴ ሳቀ። አልማዝ አልሳቀችም።

«ታዲያ ውሸት ነው ጋሽ አባተ? የባንኩን ዕዳ ጉልት ተቀምጣ ቲማቲም እየሸጠች የከፈለችው እማዬ ናት። አባዬ እኮ ያኔ ሥራ ፈቶ ነበር። አይሸጥ አላልንም። እኔም እህቴም የሰማነው ግን ከጎረቤት ነው።»

«አባትሽ ቆሞ ሳለ ውርስ ትቆጥሪያለሽ?» አልኳት። «እሱን ቅበሪና ያኔ ትካፈያለሽ!»

ማዳበሪያውን ጥላ ወጣች። ደምሴ እግሩን ያያል። እኔ በድል አድራጊነት ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እራት ግን አልበላልህ አለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ዝናብ። ጉልበቴ። የትም አልሄድኩም።

አከራዬ ቀለም ቀቢ ይዛ ገባች። አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ግድግዳዬን ይለካሉ። «አይነሡ ጋሽ አባተ፣ ምንም አይረብሹንም» አለችኝ። ሮዝ ሊቀቡት ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

እስክሪብቶው ወረቀቱን እየቀደደ ነው የምጽፈው። ከእርጅና አይደለም፣ ከንዴት ነው።

ውል የሚጸድቅበት መሥሪያ ቤት ሄድን፣ እኔ፣ ደምሴና ሽበታሙ ጠበቃ። ተራችን ደረሰ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ደምሴን፦ «ባለትዳር ነዎት?» አለችው። «ሞታብኛለች» አላት። እንደዚያ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አምጡ፣ ወራሾቹም ይምጡ ወይም ውክልና ይስጡ ብላ ወረቀቱን መለሰችልን። በትሕትና ነው የመለሰችው። የእድር ወረቀታችንን አሳየኋት። ሦስቱን የሽማግሌ ፊርማ እያየች «ይቅርታ አባባ፣ በዚህ አይሆንም» አለች።

ውጭ ወጣን። ሽበታሙ ደምሴን ወደ ግድግዳ ጠጋ አደረገው። ጆሮዬ ደህና ነው፣ ሰማሁት።

«ቀላል ነገር ነው፣ አይጨነቁ። ከወረዳ ያላገባ የሚል ማስረጃ እናወጣለን። የማውቀው ሰው አለ። አንድ ፊርማ ነው፣ ሰኞ እንጨርሳለን።»

ደምሴ አልገባውም። «ምን ያላገባ?»

«ሚስት አግብቼ አላውቅም ብለው ይፈርማሉ፣ በቃ። ሟች ምን ትሆናለች?»

ደምሴ ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ይፈርም እንደሆን የሚጠይቀው እኔን ነው! ቀብዱን በልቶታል መሰለኝ፣ ለመንገድና ለወንድሙ ቤት ጣራ። እኔስ? እኔ የምገባበት የለኝም። እውነቱን ልጻፍ፦ ዝም ብዬ ብቆም ኖሮ ይፈርም ነበር። ጥቂትም ዝም ብያለሁ።

በላይነሽን ግን በቀብሯ ቀን እኔ ነኝ የተሸከምኳት። ከፊት በቀኝ በኩል። አየር መንገድ ካርጎ ክፍል ሠላሳ ዓመት ጭነት ተሸክሜአለሁ፣ እንደሷ የከበደኝ የለም። ዝናብ ነበር፣ ደምሴ ከኋላ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ይላል፣ የሚያማት ይመስል።

«ጌታው» አልኩት ጠበቃውን፣ «የቀበርናትን ሴት አልነበረችም ብለን ቤት አንገበያይም። ሂድ።»

«አባቴ፣ ስሜታዊ አይሁኑ፣ ሕግ ነው...»

«አባትህ አይደለሁም። ሂድ አልኩ!»

ሄደ። ደምሴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ፣ ኪዳነ ምሕረት

ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ዛሬ ሦስት ቦታ አረፍኩ።

ሜሮን ከወንበሯ አልተነሣችም፣ ግን ኮምፒዩተሯን ዘጋች። የሆነውን ነገርኳት። የስድቡንም ይቅር በይኝ ልል ብዬ አልወጣልህ አለኝ። እሷም አልጠበቀችም።

በጣቷ እየቆጠረች አስረዳችኝ። መጀመሪያ ደምሴና ልጆቹ ፍርድ ቤት ቀርበው ወራሽነታቸውን ያረጋግጣሉ። እሷ ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ክፍለ ከተማ ሄዳ ታያለች። ከዚያ ሁሉም ባለበት ውሉ ይጸድቃል። ያኔ ነው ቀሪው የሚከፈለው፣ ስሙም የሚዞረው። ከዚያ በፊት አንድ ሳንቲም ለማንም እንዳልሰጥ አስማለችኝ።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ልዋሽዎት አልፈልግም ጋሼ። እስከ ወሩ መጨረሻ ግን አይደርስም።»

ልነሣ ስል «አንድ ነገር» አለች። «የሚገዙበት ገንዘብ ከምን የተገኘ ነው?»

«የቤታችን ካሳ ነው። ገርጂ የነበረውን ቤታችንን መንገድ ወስዶት።»

«ባለቤትዎ በሕይወት እያሉ?»

«አዎ። የሺ የሞተችው ካሳውን ከተቀበልን በኋላ ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለካ ነገሩ ወደኔ እየመጣ ነበር።

«ሰናይት አንድም ቀን አልጠየቀችኝም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ስለእርስዎ ስታወራ ይቺን ጉዳይ አታነሣም። እኔም የማነሣው እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

አልማዝን ውርስ ትቆጥሪያለሽ ያልኩ ሰው፣ የልጄን እናት ግማሽ ኪሴ ይዤ ነበር የተቆጣሁት።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ከቅዳሴ በኋላ ደምሴን ይዤ አልማዝ ቤት ሄድን። በሩን ከፍታ ቆመች። ግቡ አላለችም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። እናትሽን የሌለች ሊያደርጓት ነበር፣ አባትሽ አልፈረመም አልኳት። ለመፈረም ሁለት ልብ እንደነበረው አልነገርኳትም፣ የኔንም። ለረቡዕ ንግግሬም ይቅርታ ጠየቅኳት። ግቡ አለች።

ፍርድ ቤት እቀርባለሁ ብላለች። እህቷ ትዕግሥት ሐዋሳ ናት። ሦስት ጊዜ ተደወለላት፣ አላነሣችም። ተቀይማ ነው ትላለች አልማዝ። እሷ ካልመጣች ነገሩ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሜሮንም ገና አታውቅም።

አከራዬ ቀን አልጨምርም አለች፣ ሠርጉ ደርሷል። እንግዲህ ለጊዜው ሰሚት ነው። ለጊዜው ነው ያልኩት!

ሰናይት «አንተ አርፈህ ተቀመጥ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ» ብላለች። የለም። ዕዳው የኔ ነው፣ ራሴ እከፍለዋለሁ፦

ሽማግሌዎቹ። በማያዝዙበት ቤት ላይ ስማቸውን አስቀምጫለሁ። አንድ በአንድ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ ቢቆጡም እሰማለሁ።

አልማዝ። የሰደብኳት አባቷ ፊት ነው፣ ይቅርታ የጠየቅኋትም አባቷ ፊት ነው፣ ግን አንሶ ነበር። ይደገማል።

ትዕግሥት። ስልክ ካላነሣች ሐዋሳ አውቶቡስ አለ። አላውቃትም፣ ብታባርረኝም ሄጄ ነው።

ሜሮን። ክፍያዋ፣ እና ያ ሳይወጣልኝ የቀረው ቃል።

ሰናይት። የእናቷ ግማሽ። ውሉ ላይ ስሟ ከስሜ ጎን ይግባ፣ ወይም ድርሻዋን በእጇ ትያዝ፣ እሷ ትምረጥ። ጠበቃዋ ልንገርልዎት ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። በስልክም አይደለም። ፊት ለፊት፣ ራሴ ነኝ የምነግራት።