የፖስተኛውና የሜዳ ዳኛው የአቶ ደልማር ቨርብካ የሕይወት ታሪክ (1948–2023)

አቶ ደልማር ቨርብካ ከአባታቸው ከአቶ ኤሚል ቨርብካና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊብያ ኖቫቼክ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1948 ዓ.ም. በነብራስካ፣ ከማርሽ ክሪክ በስተሰሜን ባለው የቤተሰቡ እርሻ ላይ ተወለዱ። በዚያ ቀን በረዶው መንገዱን ዘግቶት ሐኪሙ የደረሰው ከሕፃኑ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነበር። አቶ ደልማር ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው ቀድመው የደረሱበት ሌላ ቦታ የለም፤ ሁልጊዜ ልክ በሰዓቱ ነበር የሚደርሱት። በዓመት ተኩል የሚያንሷቸው አንድ ወንድም አሏቸው፤ አቶ ላቨርን ይባላሉ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል አንዲት መምህርት ሁሉንም በምታስተምርበት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በማርሽ ክሪክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሩ። የራስ ቁር ደፍተው፣ ትከሻቸውን በመከላከያ አደንድነው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውተዋል፤ ተጫውተዋል ከተባለ። ተቀያሪ ሆነው ሁለት ዓመት ሙሉ ሱሪያቸው ሳይቆሽሽ ነው ወደ ቤት የተመለሱት። ኮከቡ ታናሽየው ላቨርን ነበሩ። አቶ ደልማር ግን ከመቀመጫው ሆነው ሕጉን ያጠኑ ነበር።

በ1968 ለውትድርና ተጠርተው ጀርመን አገር ሁለት ዓመት የሠራዊቱን ደብዳቤ ሲለዩ ቆዩ። ሲመለሱም የገጠር ፖስተኛ ሆነው ተቀጠሩና ለአርባ ሦስት ዓመት በየቀኑ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የኮረኮንች መንገድ እየነዱ በየበሩ ሣጥን ደብዳቤ አደረሱ። በ1972 ከወይዘሪት አርዲስ ፖልማን ጋር በማርያም ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ካርላንና ጃኔልን ወልደዋል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር ዳኛ የሆኑት በ1979 ሲሆን ከ1990 ጀምሮ የዋና ዳኛውን ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። የሕጉ መጽሐፍ ከፖስታ መኪናው አይጠፋም ነበር። ወይዘሮ አርዲስ፣ “ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ አንዳንዴ እንዲያውም በላዩ” ይላሉ።

ጠዋት ጠዋት ካፌው ውስጥ ገበሬዎቹ ኮላች የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ እየበሉ ሆን ብለው ይቆሰቁሷቸው ነበር። በጣም የሚወዱት ጥያቄ ስፖርታዊ ጨዋነት ስለጎደለው ድርጊት የሚነሳው ነው።

“ሰው ከመታህ ሌላ ቅጣት ነው” ይላሉ አቶ ደልማር። “ሳትነካው በአፍህ፣ በጣትህ፣ በኮፍያህ ካዋረድከው ግን ይኼኛው ነው። ቡድንህ አሥራ አምስት ያርድ ወደ ኋላ ይመለሳል።”

“ነጥብ አስቆጥሮ ተቀናቃኙ ፊት ቢጨፍርበትስ?”

“ነጥቡ የራሱ ነው፤ አይነካበትም። የጭፈራውን ግን አሥራ አምስት ያርድ ይከፍላል።”

“ቢደግመውስ ደሌ?”

“ሁለት ከሞላበት ይወጣል። የሚቀጥለውን ጨዋታም አያይም። ተጫዋችም ይሁን አሰልጣኝ።”

“አንተ ጨካኝ!”

“የማስወጣው እኔ መሰልኩህ? ቆጠራው ነው።”

ይህን ሲሉ ደስ ይላቸው ነበር። ጨዋታው በእሳቸው ስሜት አለመንጠልጠሉ ለሁሉም ሰው እፎይታ ይመስላቸው ነበር።

አቶ ላቨርን በበኩላቸው በዚያው በማርሽ ክሪክ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ሆነው ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ዳኛ የአሰልጣኝ ወንድሙን ጨዋታ መምራት ስለማይገባው ሁለቱ ሜዳ ላይ ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ጥቅምት 21 ቀን 2011 ዓርብ ግን የተመደበው ዋና ዳኛ በጉንፋን ወደቀ። በቅርብ የተገኙት አቶ ደልማር ብቻ ነበሩ። ሁለቱም አሰልጣኞች እንዲስማሙ ተጠየቁ።

“ከማንም እሱ ይሻለኛል” አሉ አቶ ላቨርን እየሳቁ። “ሲሳሳት ለእናታችን እነግርበታለሁ።” እናታቸው ያኔ በሕይወት ነበሩ።

ከጨዋታ በፊት ዋና ዳኛው አሰልጣኙን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። አቶ ደልማርም ጠየቁ።

“ተጫዋቾችህ በሙሉ እንደ ሕጉ ለብሰዋል?”

“እማዬ እኛን ከምታለብሰን አሳምሬ።”

“አዎ ወይም አይደለም በል።”

“አዎ፣ የተከበሩ ዳኛ!”

በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ሳቀ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የተቀናቃኙ ቡድን ልጅ አገጩ ደምቶ ተነሳ። ያደማው የላቨርን ተጫዋች ትሬቨር ነበር። የተሰበረ እጁ በጀሶ የታሰረ ሲሆን፣ ጀሶው በወፍራም ስፖንጅ መሸፈን ነበረበት። ትሬቨር ስፖንጁ ኳስ አላስይዝ ስላለው በእረፍት ሰዓት ማንም ሳያየው ቀዶ ጥሎታል። ልጁ ክፋት አልነበረውም፤ አቶ ላቨርንም አላወቁም። ሕጉ ግን እንዲህ ያለውን ጥፋት የሚጽፈው፣ በሙሉ ለብሰዋል ብሎ ባረጋገጠው አሰልጣኝ ስም ነው፤ የሚጽፈውም ከስድብና ከጭፈራ ጋር በአንድ መዝገብ፣ ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለው ድርጊት ብሎ ነው። አቶ ደልማር የጥፋት ምልክት የሆነውን ቢጫ ጨርቅ ከወገባቸው አውጥተው ወረወሩ።

“እኔ ምን አደረግኩ?” አሉ አቶ ላቨርን።

“አዎ አልክ።”

ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ የማርሽ ክሪክ ተጫዋች ኳስ ይዞ በአቶ ላቨርን እግር ሥር መስመሩን ታክኮ ሮጠ። የመስመር ዳኛው ዳረን ስቱር ከመስመሩ ወጥቷል ብሎ አቆመው። አቶ ላቨርን ኮፍያቸውን መሬት ላይ ፈጠፈጡትና፣ “አንተ፣ መነጽርህን የገዛኸው ከትራክተር መለዋወጫ ቤት ነው እንዴ?” አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህ የባሰ ብለው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ዳረን ጨርቁን ወረወረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዳረን ራሱ ተናግሯል። አቶ ደልማር ቀስ ብለው መጡና፣ ማንም እንዳይሰማ ጎንበስ አሉ።

“እርግጠኛ ነህ? ዛሬ ነፋስ ነው። ኮፍያው ወድቆ ይሆናል።”

“ወረወረው፣ አቶ ደልማር። የተናገረኝንም ሰምቻለሁ።” ዳረን ቀጠለና፣ “ጨርቁን አንሳው ካሉኝ አነሳዋለሁ” አለ።

አቶ ደልማር በሠላሳ ሁለት ዓመት አንድም ሰው ያየውን እንዳላየ እንዲሆን ጠይቀው አያውቁም። “አይሆንም፤ ይቆይ” አሉ። ከዚያም ወደ ወንድማቸው ሄዱ።

“ላቨርን፣ ሁለት ሞላብህ፤ መውጣት አለብህ።”

“ደሌ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጥሎ ማለፍ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“የመጨረሻ ዓመቴ ነው።”

“አውቃለሁ።”

አቶ ደልማር ይህን ብለው ወደ ሜዳው ተመለሱ። የተባረረ አሰልጣኝ ወደማይታይበትና ወደማይሰማበት ቦታ መሄድ ስላለበት፣ አቶ ላቨርን ከጂምናዚየሙ ጀርባ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ጨዋታው እስኪያልቅ ቁጭ አሉ። ቡድናቸው በዚያ ቀን አሸነፈ። በሚቀጥለው ሳምንት ማርሽ ክሪክ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ለጥሎ ማለፍ ሲሰለፍ ግን እሳቸው ወጥ ቤታቸው ውስጥ በሬዲዮ ይከታተሉ ነበር። ቡድኑ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ።

ከዚያ ጨዋታ በፊት አቶ ደልማር ሦስት ሰዓት ነድተው ውድድሩን ወደሚመራው ጽሕፈት ቤት ሄደው ነበር። እገዳውን እንዲያነሱ ለመኑ።

“ሪፖርቱን የጻፉት እርስዎ አይደሉም?” አለቻቸው ጸሐፊዋ።

“እኔ ነኝ።”

“የተሳሳተ ነገር አለበት?”

“የለበትም።”

“ታዲያ እኔ ምን ላድርግልዎ አባቴ?”

በዚያው ወር ነጩን ኮፍያ መልሰው ዳኝነቱን ተዉ። የፖስታ ሥራቸውን ግን እንደቀጠሉ ነበርና የአቶ ላቨርን ቤት ደግሞ በመንገዳቸው ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የወንድማቸውን ሣጥን ከፍተው፣ ደብዳቤ አስቀምጠው፣ ዘግተው ያልፉ ነበር። አቶ ላቨርን መኪናው እስኪያልፍ በመስኮት ያያሉ፤ ከዚያ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ አቶ ደልማር ራሳቸው ደብዳቤ ጻፉ። ቴምብር የሌለው ወረቀት ሣጥን ውስጥ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ከሥራ ባልደረባቸው ቴምብር ገዝተው ለጥፈው፣ ማኅተም ተመቶበት፣ በማግሥቱ ራሳቸው አደረሱት። በሦስተኛው ቀን ሳይከፈት፣ “ለላኪው ይመለስ” ተብሎ ተጽፎበት ሣጥኑ ውስጥ ጠበቃቸው። መልሰው ይዘው መጡ፤ ሥራቸው ነው።

ወይዘሮ አርዲስ በዚህ ጊዜ አላስችል ብሏቸው ወደ አቶ ላቨርን ሄዱ።

“ከሕጉ ጋር አልተጣላሁም አርዲስ” አሏቸው። “ፍርዱ ልክ ነው። እሱ ግን ወንድሜ ነው።”

“ታዲያ ምን እንዲያደርግ ፈለግህ?”

“አላውቅም።”

አቶ ደልማር በ2014 ጡረታ ወጡ። በቤተ ክርስቲያን ወጥ ቤት ድንች ልጠው፣ አራት የልጅ ልጆች አሳድገው፣ የጎረቤትን በረዶ ሳይጠየቁ ጠርገዋል፤ የድንበሩን መስመር ግን በአካፋ አንድ ስንዝር አያልፉም ነበር። በ2020 ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ታወቀ። መጀመሪያ እጃቸው፣ ኋላ ድምፃቸው ከዳቸው። ባለፈው ክረምት ለወይዘሮ አርዲስ፣ ጆሮ በሚያስጠጋ ደካማ ድምፅ፣ “ዳረን ጨርቁን አንሳው ካሉኝ አነሳዋለሁ ብሎኝ ነበር” አሏቸው። ወይዘሮ አርዲስ፣ “ብታነሳው ኖሮ አንተ አትሆንም ነበር” ቢሏቸው፣ አቶ ደልማር፣ “እሱን ነው የምልሽ” አሉ።

ሕዳር 9 ቀን 2023 ረፋድ ላይ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ከሃምሳ አንድ ዓመት የትዳር አጋራቸው ከወይዘሮ አርዲስ፣ ከልጆቻቸው ከካርላና ከጃኔል፣ ከአራት የልጅ ልጆቻቸውና ከወንድማቸው ከአቶ ላቨርን ተለይተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበል፤ ለሄዱትም ለቀሩትም ምሕረቱን ያብዛ።

አስከሬኑን የሚሸከሙት ስድስት ሰዎች ስም ከዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል። አምስቱ ተጠይቀው እሺ ብለዋል። ስድስተኛውን፣ የአቶ ላቨርንን፣ ወይዘሮ አርዲስ ናቸው ጻፉ ያሉት። መርዶውን ላደረሰላቸው ጎረቤት አቶ ላቨርን በረንዳቸው ላይ ቆመው፣ “ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?” ብለው ብቻ ጠይቀዋል። አራት ሰዓት ነው ተባሉ። ራሳቸውን ነቀነቁና ገቡ። ይህ ወረቀት ማተሚያ ቤት እስከገባበት ሰኞ ድረስ ከዚያ ቤት ሌላ ቃል አልመጣም። በአስከሬን ሣጥኑ በግራ በኩል፣ በራስጌ ያለው እጀታ የእሳቸው ነው።