ኩርኩፋ ለአማቴ

ግንቦት 10 ቀን 74፣ ማክሰኞ ማታ

አማቴ ቅዳሜ ከገረሴ ወርደው ልጄን ማርታን ይዘዋት ሊሄዱ ነው። ዛሬ በሰው ላኩብኝ። እናቷ ለሥልጠና አዋሳ ከሄደች ወዲህ ልጅቷ በዳቦና በሻይ ከስታለች ብለዋል። ወሬው እውነት ነው፤ ማስተባበያ የለኝም። ግን ት/ቤት ሊዘጋ ወር ነው የቀረው። እሷ ከሄደች ደግሞ ይሄ ቤት ምኔ ነው?

ስለዚህ፣ ማስታወሻዬ፣ ወጥ ቤት ገብቻለሁ። ጸጉሬ ሸብቶ! እናቴ ከማጀት ደፍ አላሳለፈችኝም፤ ድስት የከፈተ ወንድ ጢም አያበቅልም ትል ነበር። አባቴም ምድጃ ውስጥ እንጨት ሳይጨምር አረጀ።

ግንቦት 11፣ ረቡዕ

ማርታ የምትወደው ኩርኩፋ ነው፤ የበቆሎ ሊጥ ተድቦልቡሎ ከሀለኮ ቅጠል ጋር የሚቀቀል። መብላቱን እንጂ መሥራቱን አላውቅም። ሲቀላ ገበያ ሴቶችን ጠየቅሁ፣ እንደ ጋዜጠኝነት ሥራዬ፣ ከአንድ በላይ ምንጭ። ቅጠል ሻጯ ሳቀችብኝ። «ሚስት ጠፋችህ እንዴ?»

ሊጡን ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ጣድኩት። ሟሟ። ውሃው አስቀድሞ ይፍላ ያለኝ የለም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ማን ይናገራል?

ማርታ ድስቱን አየች። «አባዬ፣ ገንፎ ነው?»

ገንፎ ነው አልኳት። በላን።

ግንቦት 12፣ ሐሙስ

ተሳካ! ውሃው ሲንተከተክ ጨመርኩት፤ አንድም አልፈረሰ። ሳላስበው ጮህኩ። የቀበሌው ጥበቃ በአጥር ብቅ አለ።

«ጓድ ጋዜጠኛ፣ ምን ተገኘ?»

«ኩርኩፋዬ አልፈረሰም!»

«በሬዲዮ ይነገራላ!»

ማርታ ሳህኗን ጠርጋ ጨመረች። ከደስታዬ የተነሳ እኔ መብላቱን ረሳሁ።

ግንቦት 14፣ ቅዳሜ ከሰዓት

አማቴ መጡ። አቀረብኩ። ልቤ የመጀመሪያ ዜናዬ የታተመ ቀን እንኳ እንዲህ አልመታም።

ማን ሠራው ብለው ማርታን ጠየቁ። አባዬ አለች። አላመኑም፤ እጄን ይዘው አገላበጡት፣ የተቃጠለ ጣቴን አዩ። በሉ። ጨረሱ። ከዚያ ባዶ ኩባያ ዘረጉልኝ።

«ውሃውስ?»

የምን ውሃ? የተቀቀለበት! ለካ ኩርኩፋ ተበልቶ የሀለኮው ውሃ በላዩ ይጠጣል። እኔ ሚስቴ የምታቀርብልኝ ሌላ ሾርባ ይመስለኝ ነበር፤ ሐሙስም ዛሬም ጓሮ ደፋሁት።

«አንተ ሰውዬ! ጉልበቱን ለመሬት፣ አሰሩን ለልጄ?»

ማርታ በሳቅ ወለል ላይ ተንከባለለች። እሳቸውም አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ግን እተዋታለሁ አላሉም። የልጅቷ ልብስ የታሰረበት ጥቅል አሁንም አጠገባቸው ነው።

እዚሁ ያድራሉ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እፊታቸው እሠራለሁ፤ ውሃውን ጠጥተው ትሂድ ወይም ትቅር ይላሉ።

ማርታና እኔ ቅጠል እየቀነጠስን ነው። ቃላቸው ነገ፣ እሁድ፣ ምሳ ላይ።