ወይዘሮ ሰርካዲስ ክፍሉ እና በስማቸው የተጠራው ዛፍ

ወይዘሮ ሰርካዲስ ክፍሉ ከአባታቸው ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአቶ ክፍሉ ወልደማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ዘገዬ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1932 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ።

በልጅነታቸው ሐረር ዘመድ ጥየቃ ሲወሰዱ አንድ ጥያቄ አይለቃቸውም ነበር። እታች የሞላው ግራር የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ለምን ይቀራል? እላይ ያለው ጥድስ ለምን አይወርድም? አባታቸው «እግዜር ያውቃል» ብለው ይገላገሉ ነበር፤ እሳቸው ግን አልተገላገሉም። በ1952 ዓ.ም. አለማያ እርሻ ኮሌጅ ገብተው መልሱን ይዘው ተመለሱ። ፍጥረት በየአገሩ የተቀመጠው እንዲያው አይደለም ይሉ ነበር። አንዱን ብርዱ፣ አንዱን ውሃ ጥሙ፣ ሌላውን ባሕሩና ተራራው ይዞታል፤ በዚያ ላይ ሁሉም በአገሩ ልክ የሚያስገባው ጠላት አለው። ያንን አጥር የሚያፈርሰው ሰው ብቻ ነው።

በ1957 ዓ.ም. በችግኝ ጣቢያ ተቀጠሩ። በ1959 ዓ.ም. ከአቶ ሣህሉ ነጋ ጋር በተክሊል ተጋብተው ወይንሸትንና አለምብርሃንን ወለዱ።

ከዚያ 1972 ዓ.ም. መጣ፤ ምነው ባልመጣ! ከባሕር ማዶ የእሾሃም ዛፍ ዘር መጣና፣ የአብዮት በዓል ሳይደርስ በረሃውን አረንጓዴ እናልብሰው ተባለ። ወይዘሮ ሰርካዲስ ስብሰባ ላይ ተነሱ። ይህን ዛፍ በአገሩ የሚበላው ተባይ አለ፣ እዚህ ግን ተው የሚለው የለም፤ ፍሬው ስለሚጣፍጥ ፍየል በልታ በደረሰችበት ትዘራዋለች፤ ከአጥር ሳናወጣው ጥቂት ዓመት እንየው አሉ። «ዛፍ የሚፈራ የደን ባለሙያ!» ተብሎ ተሳቀባቸው። ሳቁ ሲያልቅ አሻጥር ነው ተባለ። በዚያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጆች ነበሯቸውና ግለ ሂስ አደረጉ።

ይባስ ብሎ፣ ሕዝቡ የሚያምነው እሳቸውን ነው ተብሎ፣ ችግኙን በእጃቸው እንዲያድሉ በጭነት መኪና ድሬዳዋ አጠገብ ወዳሉት ወደ መልካ ጀብዱና ጀልዴሳ ተላኩ። አደሉ። ሥራው ሲያበቃ ከጣቢያው ተነስተው ግምጃ ቤት ተጣሉ።

የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ከተማው ጥላ አገኘሁ ብሎ አጨበጨበ። ፍየሉ በላ፣ ጎርፉ ፍሬውን በየአሸዋው ይዞት ሄደ። በ1978 ዓ.ም. የጀልዴሳ ግጦሽ እንኳን ከብት ሰውም የማያሳልፍ እሾህ ሆነ። የዛፉን ስም የሚያውቅ ስላልነበረ ሕዝቡ ባደሉት ሴት ስም «የሰርካዲስ ዛፍ» ብሎ ጠራው።

አንድ ቀን የጀልዴሳዋ ፍየል አርቢ ወይዘሮ ዳሃቦ ቤታቸው ድረስ መጡ። «ወላሂ ሰርካዲስ፣ አንቺን አምነን ተከልን። ፍየሌ በላ፣ ደጄ በቀለ። አሁን እንግዳው እኔ ሆንኩ» ብለው አለቀሱ። ወይዘሮ ሰርካዲስ እኔ እኮ ከልክዬ ነበር አላሉም። አብረው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ የጀልዴሳ ሰው ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር። ያስተከሉት ሰዎች ግን ተሹመው ሄዱ፤ በአንዳቸውም ስም ዛፍ አልተጠራም።

ወይዘሮ ሰርካዲስ ባደረባቸው የደም ግፊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 28 ቀን 1982 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ወይዘሮ ዳሃቦና የአገርዎ ሰዎች ዛሬ እዚህ መካከላችን ናችሁና ይህን አደራ ስሙን፤ ያንን ዛፍ በፈለጋችሁት ጥሩት፣ በእህታችን ስም ግን አትጥሩት።

መሥሪያ ቤታቸውም በመቃብራቸው ራስጌ የሚተከል ችግኝ ትናንት ልኮልናል። ያው ዛፍ ነው። ቤተሰቡ ከምስጋና ጋር መልሶታል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እሾህ ባልበቀለባት ገነት ያኑርልን።