ጉብታው ስንት ብረት አለው?

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ታየች፣ ጎንደር።

እንደምን ከርመሻል? ይዞሽ የነበረው የእግር ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ አለቃ ፍቅረ ሥላሴ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኛ፣ እመብርሃን ትመስገን፣ በሥጋችን ደህና ነን፤ ዕረፍት ግን አጥተናል።

ከቤታችን በላይ ያለውን ቀይ ጉብታ ታውቂዋለሽ። በጥር ወር አንድ የጣሊያን ሹም መሐንዲስ አስከትሎ መጣና ብረት አለበት ብሎ እኔንም ጎረቤታችንን አለበልንም ለቁፋሮ ወሰደን። ከመጀመሪያው ጉድጓድ የወጣው ድንጋይ እንደ እርሳስ የሚከብድ ሆነ። ሹሙ ይህን ሲያይ ጉብታውን በሙሉ ብረት አደረገው፤ ከሥሩ ያለነውን ሁሉ ክረምት ሳይገባ ልቀቁ አለን። ያንቺም የርስት ድርሻ እዚያው ውስጥ ነው።

መሐንዲሱ ግን አልተስማማም። አስተርጓሚው እንደነገረን፣ «የአንድ ጉድጓድ ድንጋይ ስለዚያው ጉድጓድ እንጂ ስለ ጉብታው አይመሰክርም፤ መሀሉም ዳሩም ይቆፈር» አለ። ከአዲሶቹ ጉድጓዶች አንዱ ገብስ ማሳችን ላይ ዋለ። አለበል ጠጋ ብሎ፣ «ለምርመራ የሚላከውን ከረጢት ተራ አፈር ሙላው፤ ይሄዱልናል» አለኝ። ልቤ ከጀለ። መሐንዲሱ ግን ከጉድጓዱ አፍ ንቅንቅ አላለም፤ ከአራቱም ግድግዳ እያስፋቀ ከየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ከረጢት አስሞላን።

የምርመራው ወሬ ከአስመራ ሲመጣ ነገሩ ተምታታ። አንዱ ጉድጓድ ብረት፣ አጠገቡ ያለው አፈር። ከአንድ ጉድጓድ የወጡት ሁለቱ ከረጢቶች እንኳ አልተስማሙም። ሹሙ ቁርጡን ንገረኝ ቢለው መሐንዲሱ፣ «ያሰብነው ያህል ሊሆን ይችላል፤ ግማሹም፣ እጥፉም ሊሆን ይችላል። ከዚህ የጠበቀ ቃል ከፈለግህ ገና ብዙ ይቆፈር» አለው። ሹሙ ተቆጥቶ ድንኳኑን አስነቅሎ ወደ ደጀን ሄደ።

ደስ ብሎን ነበር። እናታችን ግን መሐንዲሱ ሲሰናበት፣ «እንግዲህ ብረት የለም ማለት ነው?» ብላ ብታስጠይቀው፣ «የለም አላልኩም፤ አላውቅም ነው ያልኩት» አላት። ከዚያ ወዲህ ጓዟን ታስራለች፣ ትፈታለች። እኔም የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሥራዬን ትቼ መንገዱን አያለሁ። አለበል በሬዎቹን ሸጦ ይጁቤ ዘመዶቹ ዘንድ ገባ። ልከተለው አስቤ ነበር፤ ዝናቡ ግን አልጠበቀኝም። ትናንት ጉድጓዱን ደፍኜ በላዩ ገብስ ዘራሁ፤ ያንቺንም ድርሻ አብሬ። ለማጨድ ከበቃን የአንቺን እልክልሻለሁ፤ ካልበቃን መዝራቴን እወቂልኝ።

እናታችን ወለተ ሐዋርያት ዐይንሽን ሳላይ አልሙት ትላለች። ባለቤቴ የብርጓል ጉልበትሽን ትስማለች፤ ልጃችን አይናዲስም እንዲሁ። ለአለቃ ከነልጆቻችሁ እጅ እነሳለሁ።

ወንድምሽ ድረስ
አማኑኤል፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፱ ዓ.ም.